ቅሬውን ሊያዘምን የመጣው

የአንድ ሰው ኑሮ ተደምሮ ተቀንሶ ምን ላይ ያርፋል? ጋሽ በሽር እንግዳውን ባዩት ቁጥር ይህን ያስባሉ፤ የሚያስቡትም ጥርሳቸውን ነክሰው ነው። ሰውየው ከአዲስ አበባ መካነ ሰላም ድረስ የተላከው እሳቸው በዳኝነት የሚመሩትን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበትን ቅሬ ከዘመኑ ጋር ሊያስማማ ነው። ጫማውን በየደቂቃው በሶፍት ይወለውላል፤ ቦርሳውን ከጭኑ አያወርድም፤ የሚደውልለት ሳይኖር ስልኩን ቶሎ ቶሎ ያያል።

«መርዶውን በስልክ መልእክት አድርጉት። መቃብሩንም የሚቆፍር ሰው ቅጠሩ፤ ጊዜ ይተርፋችኋል» አላቸው ለስብሰባ የመጡትን የቅሬውን አባላት።

«አልቃሽም ከዚያው ከአዲስ አበባ ይላኩልን፣ ጌታው» አለች አልታየች የምትባል የቅሬው አባል። ተሰብሳቢው ሁሉ ሳቀ።

እሱ አልሳቀም። የቦርሳውን ማንገቻ እያሻሸ፣ «እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ስሜን የሚያውቅ የለም። መዋጮውን እየላክሁ እዚህ ቅሬ ልግባ፤ ስሞት እናንተ ቅበሩኝ» አለ።

«ምነው፣ ቆፋሪ አትቀጥርም?» አለው ከኋላ የተቀመጠው ሁዜይፋ።

ጋሽ በሽር እንደ ደንቡ፣ መግባቱን የሚደግፍ እጁን ያንሳ አሉ። አንድም እጅ አልተነሳም፤ የራሳቸውም ከጋቢያቸው ሥር አልወጣም።