የጥቁር ሽመላዎቹ ዛፍ

ሥራዋ ልብስ መተኮስ ነው፤ ሰውም «ተኳሿ» ነው የሚላት። ላውንድሪው ከፋርማሲው ጎን ያለ ጠባብ ቤት ነው፤ ከፊት ባንኮኒ፣ ከኋላ ማጠቢያ ማሽኖች፣ በመሃል እሷና የመተኮሻ ጠረጴዛዋ፣ ከራሷ በላይ ደግሞ ሽቦ ላይ የተሰቀለ የሰው ሸሚዝ። የዕረፍት ቀኗ ሰኞ ነው። ሰኞ ሰኞ የሩቅ ማያ መነፅሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወደ ሐይቆቹ ስትወርድ ያዩ ሁሉ «ተኳሽ ሆነሽ እስካሁን አንድ ወፍ እንኳ አልጣልሽም?» እያሉ ይቀልዱባታል። ቀልዱ ያረጀ ያፈጀ ነው፤ እሷ ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ትስቅላቸው ነበር። ነበር ያልኩት ወድጄ አይደለም።

ብቻዋን አልነበረም የምትሄደው። ታላቅ ወንድሟ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ፀጉር ቤቶችም ሰኞ ይዘጋሉ። እነዚህ ወንድምና እህት አንድ ጊዜ በእናታቸው ሕመም ምክንያት፣ ማን አስታመመ ማን ሸሸ ተባብለው፣ ሆድና ጀርባ ሆነው ነበር። እናትየው ካረፉ በኋላ እንኳ መንገድ ላይ ሲተላለፉ እሱ የሱቅ መስኮት ያያል፣ እሷ ሰማይ ታያለች። ያስታረቃቸው ዘመድ አይደለም፤ ወፍ ነው። ብርዱ በተሰበረበት ሰሞን ሁለቱም ለየብቻቸው አየር ሊቀበሉ ወደ ኋለኛው ሐይቅ ወርደው፣ ከሸምበቆው ማዶ አንድ አሮጌ ዛፍ ላይ ጥንድ ጥቁር ሽመላዎች ለጎጆ እንጨት ሲያመላልሱ አዩ። ጥቁር ሽመላ እንደ ነጩ ጣራ ላይ ወጥቶ ካላያችሁኝ የሚል ወፍ አይደለም፤ ሰው ይሸሻል፣ ኮሽታ አይወድም። ወንድሟን ልታናግረው አላሰበችም ነበር፤ አፏ ግን ቀድሟት «አየኸው፣ ጋሼ?» አለች። እሱም «አየሁት» አለ። በቃ፣ ታረቁ። ስለ እናታቸው ያን ቀን አንድ ቃል አልተነሳም፤ ከዚያ ወዲህም አልተነሳም። ከዚያ ሰሞን ጀምሮ የእሱ ሸሚዞች በላውንድሪው የኋላ በር ይገቡ ጀመር፤ እንደ ደንበኛ ቁጥር ሳይቆረጥላቸው፣ እሷ በዕረፍት ሰዓቷ እየተኮሰቻቸው።

ሐይቅ በዚያ ሰፈር ብዙ ነው። ፊት ለፊት ያለው የከተማው ሁሉ ነው፤ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ዳቦ የለመዱ ዳክዬዎች አሉት፣ የሚሮጥ ሰው አይጠፋውም። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የዓሣ አጥማጆች ነው። ኋለኛው ግን ከተዘጋው የጡብ ፋብሪካ ጀርባ፣ ለጡብ ተብሎ አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድ ውሃ ሞልቶት ሐይቅ የሆነ ነው፤ በፋብሪካው በር በኩል ካልሆነ አይገባም። በሩ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌ ጥበቃ እነዚህን ሁለቱን ስለሚያውቋቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ያሳልፏቸዋል። ጸደይ ሲገባ እዚያ መገኘት ነው! እንቁራሪቱ ድምፁን ይሞክራል፣ ኤሊ ግንድ ላይ ወጥታ ጀርባዋን ታሞቃለች፣ ቀበሮ ጭቃው ላይ ዱካዋን ጥላ ታልፋለች። ወንድምና እህት በአንድ ቴርሞስ ክዳን ሻይ እየተቀባበሉ ሳይነጋገሩ ግማሽ ቀን ይቀመጡ ነበር። ለእሷ ከዚያ የበለጠ ጨዋታ አልነበረም።

ሕግ ነበራቸው፤ ያወጣው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። ወደ ዛፉ በአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ አይኬድም። ሣር ከተደጋገመበት መንገድ ይሆናል፤ መንገድ ካለ ሰው ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ በሸምበቆው ጥግ ከዞሩ፣ በሚቀጥለው ሰኞ በጡብ ክምሩ በኩል ይዞራሉ፤ ሲመለሱም የረገጡትን ሣር እያጎነበሱ በእጃቸው ያቀናሉ። ያያቸው ሰው ቢኖር ለየላቸው ይል ነበር። ፎቶ ማንሳት የለም። ለሚስቱም ቢሆን፣ ለልጆቿም ቢሆን፣ መናገር የለም። «ይሄ ነገር ከእኔና ከአንቺ ካለፈ አበቃለት» ብሏት ነበር። ደግሞም እውነቱን ነው፤ እንቁላል ሳይጥሉ ሰው ከተጠጋቸው የዓመታት ጎጇቸውን ጥለው ይሄዳሉ። እሷም ምስጢሩን እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀችው። ሽመላዎቹ ከሄዱ ሰኞዋ ይሄዳል፤ ሰኞዋ ከሄደ ወንድሟም ይሄዳል ብላ ትፈራ ነበር።

ዘንድሮ ብርዱ ገና ጓዙን ጠቅልሎ ሳይወጣ ሽመላዎቹ መጡ። ወንድሟ ግን ቀረ፤ ጉልበቴን አመመኝ አለ። በሚቀጥለውም ሰኞ ጉልበቱ ነው። የዋህ አይደለች፣ የሚያሹበት ቅባት ገዝታ ላከችለት። አመሻሽ ላይ እየደወለ ይጠይቃታል፤ ሁለቱም መጡ ወይ፣ ጎጆው ላይ የሚቆዩት ጠዋት ነው ከሰዓት፣ ፀሐይዋ በየት በኩል ትመታቸዋለች። ታሞ ተኝቶ እንኳ ልቡ እዚያው ነው ብላ አዘነችለት። ያየችውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

ከዚያ አንድ ሰኞ ሄዳ መንገድ አገኘች። ሣሩ ተኝቷል፤ ሸምበቆው በሰው ትከሻ ልክ ተሰባብሯል፤ ከዛፉ ፊት ለፊት ያለው ቁጥቋጦ ተቆርጦ እንደ መስኮት ተከፍቷል። ጭቃው ላይ የካሜራ ማቆሚያ እግር የወጋቸው ጉድጓዶች አሉ። ክው ብላ ቀረች። ሽመላዎቹ ጎጇቸው ላይ አልነበሩም፤ ከውሃው በላይ ይዞራሉ፣ ሊወርዱ ይሉና መልሰው ከፍ ይላሉ። እሷ እዚያ እያለች አንድም ጊዜ አላረፉም። ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

ለወንድሟ ደወለች፤ እያነከሰ መጣ። አየና ከንፈሩን መጠጠ፣ ራሱን ያዘ። ማን እንዲህ ያደርጋል ስትለው ጥቂት አሰበና፣ በሩን የያዘው ማን ነው ብሎ መልሶ ጠየቃት። ሌላ ሰው ቢላት ታመነታ ነበር፤ እሱ ስላለ ግን አመነች። ደሟ ፈልቶ ወደ በሩ ገሰገሰች። እኚያን የአባቷ እኩያ ሰው አፏ እንዳመጣላት አወረደችባቸው፤ ለሆድዎ ሸጡን፣ አላፊ አግዳሚውን አስገቡ፣ ከእርስዎ አይጠበቅም አለቻቸው። ወንድሟ ከኋላዋ ቆሟል፤ ትንፍሽ አላለም። ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁና በእሷ ትከሻ ላይ አሻግረው ረዘም አድርገው እሱን አዩት። ከዚያ ለእሷ መለሱላት።

«እኔ የማላውቀውን ሰው በዚህ በር አሳልፌ አላውቅም፣ ልጄ።»

ደረቅ ውሸታም ብላቸው ሄደች። በመንገድ ላይ ወንድሟ ክንዷን ደገፍ አድርጎ ይዟት ነበር፤ እሷም እሱ ባይኖር ምን እሆን ነበር እያለች ሄደች።

በዚያው ሳምንት የጥርስ ሐኪሙ አንድ እቅፍ ሰደርያ ይዞ ወደ ላውንድሪው ገባ። ጨዋታ የሚወድ የቆየ ደንበኛ ነው። የወፍ ተመልካቾች ማኅበር አቋቁመናል፣ ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ የፎቶ ትርዒታችን ይከፈታል፣ ሁላችንም ይህን ነው የምንለብሰው፣ አደራ አድርሱልን እያለ ለባንኮኒዋ ሴት ሲያወራ ተኳሿ ከጠረጴዛዋ ትሰማለች። ሰደርያዎቹ አረንጓዴ፣ ኪሳቸው የበዛ ነው፤ ደረታቸው ላይ ጥቁር ሽመላ ተጠልፎበታል። ካውያው እጇ ላይ ቆመ። እነዚህ ናቸዋ፣ አለች በሆዷ፤ ሽማግሌው ያስገባቸው እነዚህ ናቸው!

ታጥበው ሲመጡላት ጥርሷን ነክሳ አንድ በአንድ ትተኩሳቸው ጀመር። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን እንፋሎቱ አንገቱ ጋ ሲመታው ከስፌቱ ውስጥ ፀጉር ብቅ ብቅ አለ፤ ደቃቅ፣ ጥቁርም ሽበትም የተቀላቀለበት። የፀጉር አስተካካይ ልብስ የተኮሰ ሰው ይህን ያውቀዋል። ማሽን አያወጣውም፤ ስፌት ውስጥ ይሰካና እንደ እሾህ ይቀመጣል። የወንድሟን ሸሚዝ ስንት ዘመን በመርፌ ጫፍ ስትለቅም ኖራለች። ከተማው ውስጥ ፀጉር አስተካካይ እሱ ብቻ ነው እንዴ ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች። ቀኝ ትከሻውን አየችው፤ ክንዱን ሽቅብ ይዞ መዋል የሚያመጣው፣ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ካልተተኮሰ እንቢ የሚላት ያ ጭምድድ እዚያው አለ። ገልብጣ ደረቱን አየች። በሌሎቹ ላይ ከሽመላው ሥር ምንም የለም፤ በዚህ ላይ «አስጎብኚ» የሚል ተጠልፏል።

ተኮሰችው። ምን ታድርግ? ትከሻውንም ሁለት ጊዜ ተኮሰችለት፣ ፀጉሩንም ለቀመችለት፣ ከሌሎቹ ጋር ሰቀለችው። ከዚያ ሽርጧን ፈታ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደች።

ከመስታወቱ በላይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ሁለቱ ሽመላዎች ጎጆው ላይ ቆመው፣ ቀይ ምንቃራቸው ሊነካካ የደረሰ፤ ከቅርብ፣ በጣም ከቅርብ የተነሳ። ወንድሟ የአንድ ደንበኛ ጆሮ ሥር እያስተካከለ ነበር። ቆሞ ነው የዋለው፣ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ ማነከስ የለም። በመስታወቱ ውስጥ አያት።

«ጉልበትህን ተሻለህ፣ ጋሼ?» አለችው።

ኩምሽሽ አለ። ደንበኛውን እንደ ነገሩ ጨርሶ ሸኘውና ይነግራት ጀመር። የጥርስ ሐኪሙ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስለ ወፍ ሲያወራ ምላሱን በላው፤ ዝም ማለት አቃተው። አንድ ጊዜ ብቻ ላሳያችሁ አላቸው። ቀጥሎ ሌሎቹ መጡ፤ ከፊት ከፊት እየሄደ እነሱ ከኋላ እየተከተሉ፣ እጁን ሲያነሳ ሁሉም ቀጥ ይላሉ። ቁጥቋጦውን እሱ አልቆረጠም፤ ግን ሲቆረጥ እዚያው ቆሞ ነበር።

«እታለም፣ ዕድሜ ልኬን የሰው ማጅራት ሳይ ኖርኩ» አላት። «እነሱ ዞረው ፊቴን አዩኝ።»

«እኔስ? እኔ ምንህን ነው ሳይ የኖርኩት?»

መቀሱን አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳው።

«አመሻሽ ላይ እየደወልክ የምትጠይቀኝ ለእነሱ ነበራ። ሽማግሌውን ስሰድብም ከኋላዬ ቆመህ ነበር፣ ጋሼ። ክንዴን ይዘህ ነው ወደ ቤት የሸኘኸኝ።»

ልነግርሽ ነበር እኮ አለ። እሷ ወጥታለች።

ጎጆውስ እሺ፣ ሰው ይሳሳታል፤ ወሬ ያመልጣል፣ ሙገሳ ያታልላል። ያቺን የክንድ መያዝ ግን ልትረሳት አልቻለችም። ካውያ ይዛ ታስባታለች፣ ሳህን እያጠበች ታስባታለች። የገዛ ወንድሟ እሷን አሳውሮ፣ ባልበደለ ሰው ላይ ለቀቃት። ሆዷ ተቆረጠ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል የለውም።

በሚቀጥለው ሰኞ ወደ ፋብሪካው በር ሄዳ የሽማግሌው እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ይዘው አስቀሯት። ወንድሟ ስለሆነ ከእኔ አፍ ከምትሰማው ብዬ ዝም አልኩ አሏት። ራሳቸውን ነቅንቀው እንደ ድሮው አሳለፏት። ጎጆው ባዶ ነበር፤ ቁራዎች ተራ በተራ እንጨቱን እየነቀሉ ይወስዱታል። የተረገጠውን ሣር ማቅናት ጀመረችና መሃል ላይ ተወችው።

ሰኞን ግን ቤት መዋል አልቻለችም። ሌሎቹን ውሃዎች ታስስ ጀመር፤ በተሰነጠቀ ጫማ፣ በባዶ ሆድ፣ ብቻዋን። አንድ ጠዋት፣ እምቡጡ ሊፈነዳ በደረሰበት ሰሞን፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው አንድ ኩሬ አጠገብ ደርሳ፣ የት እንደሆነ እኔም አልናገርም፣ ቀና ስትል ጥቁር ክንፍ አየች። አፉ ላይ እንጨት አለ። ሁለተኛውም ተከተለ፤ እሱም እንጨት ይዟል። እንባዋ መነፅሩን እያደበዘዘባት፣ እየጠረገች ደግማ ደጋግማ አየቻቸው። ከዚያ እጇ ሳታዘው ኪሷ ገብቶ ስልኳን አወጣ። የሚደወልለት አንድ ሰው ነው፤ ስሙም ከሁሉ በላይ ተጽፏል። እስኪጠፋ ድረስ ብርሃኑን ስታየው ቆየችና መልሳ ከተተችው። በዚህ ዓለም እንዲህ ያለ የምሥራች ይዛ፣ የምትነግረው ሰው አጣች።

ቅዳሜ ወንድሟ ሸሚዞቹን ይዞ በኋላ በር መጣ። ከስቷል። ፎቶውን አውርጄዋለሁ፣ ከማኅበሩም ወጥቻለሁ አላት። አልዋሸም፤ ሐኪሙም ለባንኮኒዋ ሴት ይህንኑ ሲናገር ሰምታለች። ሸሚዞቹን ተቀብላ አንገታቸውን ገለጥ አድርጋ አየች፤ ፀጉሩ እንዳለ ነው። እሱ በዝግታ ጠየቃት።

«የሆነ ቦታ ታይተው ይሆን? ሰኞ አላየሻቸውም?»

እውነቱ አፏ ውስጥ ነበር። ፊቱን አየችው፤ የናፈቀው ወፎቹን ነው ወይስ እሷን፣ ወይስ ደግሞ የሚያወራውን ነገር፣ ልትለይ አልቻለችም። ድሮ ትለይ ነበር።

«አላየሁም» አለች።

ለወንድሟ ከዚያ በፊት ዋሽታ አታውቅም። ሸሚዞቹን አጥፋ ወደ ባንኮኒው ወሰደቻቸው፤ እሱም ምን እንደምታደርግ ሳይገባው ተከተላት። ከጥቅሉ ላይ ቁጥር ቆረጠች፤ ግማሹን ሸሚዞቹ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዘች፣ ግማሹን ለእሱ ሰጠችው።

«ሐሙስ ይደርሳል» አለችው።

ወረቀቱን ግራ ቀኝ አገላብጦ አየው። ከዚያ ኪሱ ከትቶት በፊት ለፊቱ በር ወጣ።