የባሕርይን ውርስ ያጠኑት ዶክተር ይልማ

የመሳለሚያው ዶክተር ይልማ ባለፈው ማክሰኞ ጧት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ዘመድ ስለሌላቸው መርዶውን ለምታውቋቸው ሁሉ የምነግረው እኔ፣ የሥራ ረዳታቸው ነኝ። በቀብራቸው ላይ ከእድርተኛው በቀር የተገኘው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። አልቅሼም አልወጣልኝ።

ጋሼ ይልማ በጃንሆይ መልካም ፈቃድ ውጭ አገር ተልከው፣ ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ ተምረው የመጡ ሰው ናቸው። በጓሯቸው ቁጡና ጭምት ዶሮዎችን ለይተው ያራቡ ነበር፤ የትኛው ጫጩት የማንን ጠባይ እንደያዘ በመዝገብ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ሰፈርተኛው «የዶሮ ሐኪም» እያለ ሲቀልድባቸው ደንታም አልነበራቸው።

ከዚያ የእኔ ነገር መጣ። አባቴ አእምሯቸውን ታመው ነው የሞቱት። ሊያገባኝ የነበረው ልጅ አባት፣ የሸማ ተራ ነጋዴ፣ እንደ ወጉ ዘሬን ሊያጣሩ ሲነሡ «በሰፈሩ የዘር ዐዋቂ አለ» ተባሉና ሽማግሌዎቻቸውን ወደ ጋሼ ላኩ። ሽማግሌዎቹም የአባቴ ሕመም ወደ ልጆቼ ያልፍ እንደሆነ ጠየቋቸው። ጋሼ ክፍል ውስጥ የሚያስተምሩ መስሏቸው፣ «አያልፍም ብዬ መማል አልችልም» ብለው ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ የቀረውን ሳይሰሙ ተነሡ። ሰርጉም ቀረ። ጋሼ በማግስቱ ሸማ ተራ ድረስ ሄደው ሊያስረዱ ቢለምኑ የሰማቸው የለም።

በዚያው ዓመት፣ ጸጉራቸው ሸብቶ፣ ነገረ መለኮት ሊማሩ ገቡ፤ ከልጅ እግር ዲያቆናት ጋር አንድ ወንበር ተቀመጡ። ለምን ብላቸው፣ «የሚጠይቀኝ ሰው ነው፤ ለሰው የሚሆን መልስ የለኝም» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ የሙያ ባልደረቦቻቸው ቄስ ሆነ ብለው ሸሿቸው፤ ካህናቱም ዶሮ አርቢ ብለው አላቀረቧቸውም። ደጃቸውን የሚረግጥ እንግዳ ጠፋ።

ከዓመታት በኋላ ሌሎች ሽማግሌዎች፣ ስለ አንዲት አባቷ ነፍስ ያጠፋ የአውቶቡስ ተራ ልጅ ሊጠይቁ መጡ። ጋሼ ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙና ተናግረው ሳይጨርሱ ማንም እንደማይወጣ ነገሯቸው። «ዘሯን ተዉትና እሷን አነጋግሯት» አሉ። ልጅቱ ተዳረች። ሰርጓ ላይ እልል አልኩ፤ ቤቴ ስገባ ግን ሆድ ባሰኝ።

ጋሼ ይልማ፣ በየዓመቱ የዓቢይ ጾም ቅበላ ዕለት ባርኔጣዎን አውልቀው «ይቅር በይኝ» ይሉኝ ነበር። እኔም «ኧረ ምን በድለውኝ» እያልኩ አልፍዎት ነበር። ውሸቴን ነው። በድለውኛል፤ ትዳርም ልጅም ሳላይ ቀርቻለሁ። እውነቱን ብነግርዎት ኖሮ ሁለታችንም ይቀለን ነበር። ይኸው ዛሬ ከልቤ ይቅር ብዬዎታለሁ። ዘገየሁብዎት፤ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ።