ሁለተኛው ጥያቄ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ የሚሠራው ክፍል ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ለሌላው ሁሉ «ማን ልበል» ናት። ስሙም ዝም ብሎ አልወጣላትም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጣ ሠርታለች። በዚያ ጊዜ የደወለ ሰው ሁሉ ሁለት ጥያቄ ሳይመልስ ወደ ሕሙማን ክፍል አያልፍም ነበር። መጀመሪያ «ማን ልበል?» ትላለች። ቀጥላ «ታማሚው ምንዎ ነው?» ትላለች። የተቆጣ ይቆጣል፣ የሰደበ ይሰድባል፣ እሷ ግን ፍንክች አትልም። መልሱንም ቢሆን እንዳለ አትውጠውም፤ ደዋዩን መስመር ላይ አቆይታ ታማሚውን ራሱን ትጠይቃለች፤ እሺ ካለ ብቻ ታገናኛለች።

ሆስፒታሉ በራሱ የሚያዞር ማሽን ሲያስገባ፣ የኢንተርኔት መስመር የሚዘረጋ አንድ ድርጅት የደንበኞችን ስልክ እንድትመልስ ቀጠራት። እዚያ ከመስታወቱ ማዶ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ይታያሉ። ቀኑን ሙሉ የሚጮህባቸው የለም። እሷ ደግሞ ጆሮዋ እስኪግል ስትሰደብ ትውላለች። ቀናች፤ ቀንታም አልቀረች፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ኮድ መጻፍ መማር ጀመረች። አውቶቡስ የሚነዳው ባሏ «አሁን በዚህ ዕድሜሽ ምን አጥተሽ ነው?» እያለ ሲያሾፍባት ሁለት ዓመት አለፈ። በሦስተኛው ዓመት መስታወቱን ተሻገረች። ዛሬ ባሏ ስለ ሚስቱ ሥራ ሲያወራ ተሳፋሪው መውረጃው እስኪደርስ ይቸኩላል።

ሐሙስ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከስልክ ክፍል አንድ ጥሪ ተላለፈላት። «እትዬ፣ እኚህን ሴትዮ የምትችያቸው አንቺ ብቻ ነሽ» አለቻት የክፍሉ ልጅ።

«ማን ልበል?»

«ስሜን ካልነገርኩዎት አይሆንም? የአቤቱታ ቁጥሬን ልስጥዎት» አለች ደዋይዋ።

ቁጥሩን ሰጥታ ነገሩን ዘረገፈችው። ልብስ ሰፊ ናት። ከሚደበድባት ባሏ ከተለየች አምስት ወሯ ነው። የት እንደገባች እንዳያውቅ ስልኳን ቀይራለች፣ ሰፈር ቀይራለች። አዲሱ ቤቷ መስመር እንዲገባላት ለድርጅቱ አቤቱታ ስትጽፍ፣ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር ስላስቀመጠች ሽቦው በዚያ በኩል ቢመጣ ደስ እንደሚላት ጠቅሳ ፎቶ አያይዛለች። ትናንት ሰውየው ወደ እህቷ ስልክ መልእክት ላከ። «መስኮቱ ሥር ስትሰፊ ብርሃኑ ይበቃሻል?» ይላል።

«ይህን ለእህቴ እንኳ አልነገርኳትም። የጻፍኩት ለእናንተ ብቻ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ማን ልበል ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈች። «አድራሻዎንስ ጽፈውታል?»

«አልጻፍኩም፤ ለቴክኒሻኑ በስልክ ነው የተናገርኩት። ነገ ይመጣል ተብያለሁ።»

ነገ የሚሠሩ ቤቶች አድራሻ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቴክኒሻኖቹ መዝገብ በራሱ ተነሥቶ እያንዳንዱ አቤቱታ ገጽ ላይ ይገባል። ማን ልበል ይህን ታውቃለች። «ቀጠሮውን ልሰርዘው?» አለች።

«እባክዎ አይሰርዙብኝ። ትዕዛዝ የምቀበለው በኢንተርኔት ነው። ሦስት ሳምንት እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።»

«እሺ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እደውልልዎታለሁ።»

ምን ዓይነት ቃል እንደገባች የገባት ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው።

በገዛ አካውንቷ ገብታ፣ ባለፈው ዓመት ስለ ቤቷ መስመር የጻፈችውን የራሷን አቤቱታ ከፈተች። ከገጹ አናት፣ የድረ ገጹ አድራሻ በሚጻፍበት መስመር ላይ፣ የአቤቱታዋ ቁጥር አለ። የመጨረሻውን አኃዝ በአንድ ቀየረችው። የማታውቀው ሰው አቤቱታ ከነስልኩ፣ ከነቤቱ ቁጥር ተዘረገፈላት። ደግማ ቀየረች፤ ሌላ ሰው። ሲስተሙ «ማን ልበል?» ብሎ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ከገባህ በኋላ ግን የምትከፍተው ነገር ያንተ ይሁን የሌላ ግድ የለውም። ሁለተኛውን ጥያቄ የሚጠይቅ የለም።

ለምን? የኮዱን የድሮ ታሪክ ወደ ኋላ ስታገላብጥ ደረሰችበት፤ ምነው ባልደረሰች። ጥያቄው ድሮ ነበረ። ከአምስት ዓመት በፊት ተነሥቷል። ከጎኑ «በስልክ ክፍል ጥያቄ መሠረት ለጊዜው የተነሣ» የሚል ማስታወሻ አለ፤ ጠያቂዋም ራሷ ናት። ትዝ አላት። ለእናቱ የሚከታተል ልጅ፣ ለአያቷ የምትጽፍ የልጅ ልጅ፣ ለጎረቤቱ የሚሯሯጥ ጎረቤት፣ ሁሉም በየራሱ አካውንት ገብቶ ሲስተሙ «አይቻልም» እያለው ስልኩን አጨናነቀው። እሷም «ልጅ የእናቱን ጉዳይ ቢያይ ምን ነውር አለው?» ብላ ሽንጧን ገትራ ተከራከረች፤ አሸነፈችም። አሥራ አንድ ዓመት በር ስትጠብቅ የኖረች ሴት ስድብ ሲበዛባት በሩን በገዛ እጇ ነቀለችው። አፈረች፤ ማፈር ሲያንሳት ነው።

የክፍሉ ኃላፊ በዕድሜ ታናሿ ነው፤ እሷ አለቃ ትለዋለች። ነገሩን ስትነግረው ሰኞ ትልቅ ለውጥ ስለሚጫን እስከዚያ ይቆይ አለ። «ለአምስት ዓመት የቆየ ነገር ለአራት ቀን ቢቆይ ምን ይሆናል፣ እትዬ?»

«አለቃ፣ እርስዎም የእኛ ደንበኛ ነዎት አይደል? የአቤቱታ ቁጥርዎን ይንገሩኝና በእኔ አካውንት ልክፈተው።»

እየሳቀ ነገራት። ማን ልበል ከፈተችው። የቤቱ ቁጥር፣ የሚስቱ ስልክ፣ ማንም ቤት የማይኖርባቸው ሰዓቶች፣ በመጨረሻም የተበጠሰውን ሽቦ ለማሳየት ያነሣው ፎቶ ወጣ። ፎቶው ላይ ከሽቦው ይልቅ ጎልተው የሚታዩት ሶፋ ላይ የተኙት ልጁና ድመቱ ናቸው። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«እንዲነሣ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው» አለችው። «ጠዋት የደወሉት ሴትዮ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው ጊዜያቸው።»

«ቀጥይ። ሰኞን ለምን እንዳልጠበቅን እኔ አስረዳለሁ» አለ።

አጠገቧ የሚሠራው ወጣት በክፍሉ «ሊቁ» ይባላል፤ የማያውቀው ነገር የለም፣ ያላወቀውንም አላውቅም ብሎ አያውቅም። በአንድ ሰዓት ውስጥ የአቤቱታው ገጽ ላይ ጥያቄውን መልሰው ተከሉት። አሁን ባለቤት ያልሆነ ሰው ሊሞክረው ይገባል። ማን ልበል ባሏ ጋ ደወለች፤ ተርሚናል ቆሞ ተራ ይጠብቃል።

«በአካውንትህ የሰው አቤቱታ ለመክፈት ልሞክር ነበር። ትፈቅድልኛለህ?»

«በዚህ ዕድሜዬ ሌባ ልታደርጊኝ ነው?»

«የማይሳካለት ሌባ ነው የማደርግህ።»

«እንዲያ ከሆነ ይሁን» አለ።

በእሱ አካውንት ገብታ የልብስ ሰፊዋን ቁጥር ጻፈች። «ይህን ለማየት ፈቃድ የለዎትም» የሚል ወጣ። ሊቁ እጁን ዘረጋላት፤ እሷ ግን አልጨበጠችም። ፎቶዎቹ የሚቀመጡበትን መንገድ በቀጥታ ሞከረች። መጋረጃው፣ መስኮቱ፣ ከሥሩም የስፌት መኪናው ቁልጭ ብለው መጡ። ገጹ ተዘግቷል፣ ፎቶው ክፍት ነው፤ የአቤቱታ መፈለጊያውም፣ ማተሚያውም እንደዚሁ። ሰዓቱ ሰባት ከሩብ ሆኗል።

«አንድ በአንድ እንዝጋቸው» አለ ሊቁ።

«አንዱን ስንዘጋ ሌላው ያመልጠናል። ሆስፒታል መቶ ስልክ ነበር፤ በየስልኩ ሥር ዘበኛ አላቆምንም። ሁሉም መስመር የሚያልፈው በእኔ ጠረጴዛ ነበር። እዚህስ ሁሉም የሚያልፍበት ቦታ የለም?»

ሊቁ ኮዱን አገላብጦ አየ፤ እንዲህ ያለ ቦታ አለ። ገጹም፣ ፎቶውም፣ መፈለጊያውም መረጃ የሚቀዱት ከአንድ ቦታ ነው። ጥያቄውን እዚያ አስገቡት፦ ማን ነህ፣ ጉዳዩ ምንህ ነው? መልስ የሌለው ሁሉ ይመለሳል። ለእናቱ የሚከታተለውንም ልጅ ማን ልበል አልረሳችውም። መልሱን ከደዋዩ ሳይሆን ከታማሚው መጠየቅ ታውቅበታለች፤ የአቤቱታው ባለቤት ራሷ «ይህ ልጄ ነው፣ ያያል» ብላ የምትፈቅድበትን ቦታ አበጁ። እንግዲህ ይህ ከአምስት ዓመት በፊት ቢታሰብ ኖሮ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ባልነበረ።

ባሏ ከተርሚናል እስኪወጣ ድረስ በአካውንቱ ሠላሳ አራት ጊዜ ሰረቀች፤ ሠላሳ አራቱንም አልቀናትም። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አዲሱ ኮድ ተጫነ። አሥር ደቂቃ ቆይታ ልብስ ሰፊዋ ጋ ደወለች። «ቀጠሮዎ እንዳለ ነው። አድራሻዎን የሚያየው ቴክኒሻኑ ብቻ ነው» አለቻት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አድራሻው ገባ። ማን ልበል ማን ምን እንደከፈተ የሚመዘግበውን የሰርቨሩን መዝገብ ከፍታ ዓይኗን ተክላ ተቀመጠች። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ አንድ ደንበኛ በገዛ አካውንቱ ገብቶ የልብስ ሰፊዋን አቤቱታ ጠየቀ። ከዚህ በፊትም ይህንኑ አቤቱታ ሲከፍት የነበረው አካውንት ነው፤ የልብስ ሰፊዋ ባል ነው። ተከለከለ። በፎቶው በኩል መጣ፤ ተከለከለ። በመፈለጊያው ዞረ፣ በማተሚያው ሞከረ። ሊቁ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ተከለከለ፣ ተከለከለ» እያለ ሲያነብ ከስልክ ክፍል ያሉት ሁሉ መስታወቱን ተሻግረው መጥተው ከኋላቸው ቆሙ። ሰውየው ሃያ ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ ሄደ። እጅ ከፍንጅ እንደመያዝ ነው፤ አለቃ አካውንቱን አስዘጋና መዝገቡን፣ ከበፊቱ መዝገብ ጋር፣ ለሕግ ክፍል በእጁ ይዞ ወሰደ። የማን ልበል አንጀት ቅቤ ጠጣ። የሊቁን እጅ ያኔ ጨበጠችው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ግን መቀመጥ አቃታት። ቴክኒሻኑ ደርሶ ይሆን? ሌላስ ሰው? የልብስ ሰፊዋን ቁጥር በራሷ አካውንት ጻፈች። «ይህን ለማየት ፈቃድ የለዎትም» አላት። እውነትም የላትም፤ አቤቱታው የእሷ አይደለም፣ እንድትሠራውም አልተመደበላትም። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሊቁ ምን ነካት ብሎ ዞሮ አያት። ክልከላውን ማለፊያ መንገድ ማበጀት ለእሷ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እጆቿን ከኪቦርዱ አንሥታ እንደማንኛውም ሰው መጠበቅ ጀመረች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኩ ጠራ።

«ማን ልበል?»

ልብስ ሰፊዋ በዚህኛው ጊዜ ስሟን ከነአባቷ ስም ነገረቻት። «ቴክኒሻኑ ሠርቶ ሄደ፤ መስመሩ ገብቷል» አለች። ከድምፅዋ ኋላ የስፌት መኪናው ይንኳኳል። «ከእሱ በቀር በሬን ያንኳኳ ሰው የለም።»