ከምድር ቤቱ የወጣው ራዲየም

ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊያችን ሚስስ ኮሊንስ ወደ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ይዘውኝ ወርደው አንድ ከባድ በር ከፈቱልኝ። ግድግዳው በእርሳስ ብረት የተለበጠ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። መደርደሪያዎቹ ላይ ቀን የተጻፈባቸው ቢጫ ከረጢቶች ተደርድረዋል።

"እዚህ ሥራችን መጠበቅ ነው" አሉኝ።

እስከዚያ ድረስ እዚሁ እንግሊዝ፣ ሂትሮው አየር ማረፊያ አውሮፕላን አጸዳ ነበር። እዚያ ቆሻሻ ማለት በሩጫ የሚወጣ ነገር ነው። እዚህ ግን ይቀመጣል ተባልኩ፤ ግራ ገባኝ።

ሚስስ ኮሊንስ በትዕግሥት አስረዱኝ። የታይሮይድ ታማሚ ጨረር ያለው አዮዲን ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ የተኛበት አንሶላና የነካው ጓንት ወደ እኛ ይመጣል። ጨረሩ በስምንት ቀን በግማሽ ይቀንሳል፤ በሌላ ስምንት ቀን ደግሞ የቀረው በግማሽ። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ለክተን፣ መዝግበን፣ ፈርመን እንደ ሌላው የሆስፒታል ቆሻሻ እንዲቃጠል እንልከዋለን።

አንዴ ቀኑ ስለደረሰ ብቻ አንድ ከረጢት ሳልለካ ፈረምኩ። ሚስስ ኮሊንስ መዝገቡን አይተው አስጠሩኝ።

"ቀኑ ግምት ነው። መለኪያው ምን አለ?"

ከረጢቱን አስመልሰው፣ አጠገቤ ቆመው አስለኩኝ። ንጹሕ ነበር። ቢሆንም ፊርማዬን ሰርዘው እንደገና አስፈረሙኝ። እንደዚያ ያስተማረኝ ሰው የለም።

ከዓመታት በኋላ፣ እኔ የክፍሉ ዋና ቴክኒሻን ሆኜ፣ ሆስፒታሉ ይህን የቆሻሻ ማቆያ ወደ ጓሮው አዲስ ሕንፃ ሊያዛውር ወሰነ። ከጓሮው አጥር ወዲያ የአካባቢው አስተዳደር የሚያከራያቸው የካውንስል ቤቶች አሉ። አሮጌውን ክፍል ስናራግፍ ከመጨረሻው መደርደሪያ ኋላ አንድ ትንሽ የእርሳስ ብረት ዕቃ አገኘሁ። መለኪያውን ባስጠጋው ጮኸ። ውስጡ ያሉት ድሮ ለካንሰር ሕክምና ያገለግሉ የነበሩ የራዲየም መርፌዎች ናቸው፤ መዝገብ ላይ የሉም።

ራዲየም በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሺሕ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። የእኛ መጠበቅ አይሠራበትም። እንዲህ ያለውን ቆሻሻ የት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው እንደሚቀብሩት አገሩ ገና እየተከራከረ ነው።

በሳምንቱ ስለ አዲሱ ማቆያ ከነዋሪዎቹ ጋር ስብሰባ ነበረን። ከመግባታችን በፊት የሆስፒታሉ ሕንፃዎች አስተዳዳሪ "ስለ ራዲየሙ ማንሳት አያስፈልግም። ፈቃድ ያለው ድርጅት መጥቶ ይወስደዋል" አለን። ሚስስ ኮሊንስ እሺ ብለው ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። እኔም ተከትያቸው ወደ አዳራሹ ገባሁ።

አዳራሹ ሞልቷል። አስተዳዳሪው ቆሻሻው ጨረሩ እስኪያልቅ ብቻ እንደሚቀመጥ ተናግሮ ሲጨርስ ወይዘሮ ዘውዴ ተነሡ። መስኮታቸው ከጓሮው ትይዩ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን እንተዋወቃለን። በአማርኛ ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ጠብቃችሁት የማያልቅ ነገር አለ?"

ጥያቄያቸውን ለሕዝቡ በእንግሊዝኛ ተረጎምኩ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞርኩ።

"አለ፣ እማማ። አንድ ዕቃ ራዲየም አለ።"

በእንግሊዝኛም ደገምኩት። አዳራሹ ታመሰ። አስተዳዳሪው ፊቱ ቀላ። ሥራዬ አበቃ ብዬ አሰብኩ። ያኔ ሚስስ ኮሊንስ ተነሡ።

"እውነቱን ነው። ቀድሜ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ" አሉ።

አንድ ሰው "ታዲያ ከዚህ አርቁልን!" ብሎ ጮኸ። ልጅ ያቀፈች ሴት "ወዴት? የሚሄድበትም ቦታ ሰው ይኖራል" አለችው። ክርክሩ በዚያ ቀን አላለቀም። ሦስት ጊዜ ተሰበሰብን።

አስተዳዳሪው ለሆስፒታሉ አለቆች ከሰሰኝ። ሚስስ ኮሊንስ ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን ጽፈው ፈረሙ፤ እኔን የነካኝ የለም። ራዲየሙ በወፍራም ብረት ሣጥን ታሽጎ ወደ አገሪቱ ማከማቻ ተወሰደ። እዚያም ቢሆን መቃብሩ እስኪወሰን ነው የተቀመጠው።

ነዋሪዎቹ አዲሱን ማቆያ የተቀበሉት ሁለት ተወካዮቻቸው በየወሩ መዝገቡን እንዲያዩ ከተስማማን በኋላ ነው። አንዷ ወይዘሮ ዘውዴ ሆኑ። መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን በየመስመሩ ያሳልፋሉ።

"ይቺን ቼክ አድርገሃታል?"

"አድርጌያለሁ፣ እማማ።"

"እስቲ ፊቴ ድገማት።"

እደግማለሁ። ጡረታ እስክወጣ አንድ ወር አልቀሩም። ሚስስ ኮሊንስንም እሳቸውንም አመሰግናቸዋለሁ።

እኔ የተናገርኩት ከተጠየቅሁ በኋላ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ጠብቃችሁት የማያልቅ ቆሻሻ ካላችሁ ሰዉ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።