የሽኝቱን ዜማ የቀዳን ቀን

የመጀመሪያውን የሥራ ቀኔን ያሳለፍኩት ኬብል ስጠቀልል ነው። ጋሼ ታደሰ ቶተንሃም ባለው መጋዘናቸው ወለል ላይ አንድ ክምር ኬብል አፈሰሱና "ጠቅልዪ" አሉኝ። እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ በክርኔና በመዳፌ መካከል ጠቀለልኩት። ፈትተው መለሱልኝ። "አንዱን ዙር ወደ ውጭ፣ ቀጣዩን ወደ ውስጥ። አለዚያ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ይጣመምና ሰርግ መሀል ድምፅ ይቋረጥብሻል።" ቀኑን ሙሉ ጠቀለልኩ። ማታ ዓይኔን ስጨፍን ክብ ክብ ይታየኝ ነበር።

ጋሼ ታደሰ የአባቴ ጓደኛ ናቸው። ሎንደን ውስጥ ለሐበሻ ሰርግና ክርስትና የድምፅ መሣሪያ ሲያከራዩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በእሳቸው ዘንድ ሥራው ሦስት ደረጃ አለው። ኬብል የሚጠቀልል አለ፣ መድረክ ላይ ማይክ የሚተክል አለ፣ ሚክሰሩ ጋ ተቀምጦ ድምፅ የሚያመጣጥንና የሚቀዳ አለ። እኔ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ለመድረስ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ሦስተኛው ላይ የተቀመጥኩት ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ነው። ረጅም የሥራ ዘመን አለኝ አልልም። ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ ኬብል ለሚጠቀልሉት ነው።

ሼፈርድስ ቡሽ በነበረ አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራው አባት ሲመርቁ እናቶች እልል አሉ። አዳራሹን እንዲሰሙ የሰቀልናቸው ሁለት ማይኮች እልልታውን በሙሉ ዋጡት፤ የሚክሰሩ መብራት ቀይ ሆነ። ቅጂው ላይ ምርቃቱ የለም። ጋሼ ታደሰ ተናደው፣ "ዋና ነገር ሲነገር የአዳራሹን ማይክ ዝጊ፤ የሐበሻ እናት ከስፒከር ትበልጣለች" አሉኝ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አንድም ቅጂ አልተበላሸብኝም። ጋሼ ታደሰ ለአባቴ፣ "ልጅህ ጠንቃቃ ናት" ብለው ደወሉለት።

ባለፈው በጋ የይዲሽ ሙዚቃና ጭፈራ ፌስቲቫል ቀጠረን። ይዲሽ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዶች ቋንቋ ነው። ቦታው ሰሜን ሎንደን፣ መናፈሻ ዳር ያለ አሮጌ አዳራሽ ነበር። ከፍ ካሉት መስኮቶች የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ተኝቷል። ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተው በብርሃኑ ውስጥ ቀስ ብለው ይዞራሉ፤ አንዱ ሲገባበት ፊቱ ይበራል፣ ሲወጣ ይደበዝዛል። ክላርኔቱ በእንቅልፉ የሚያወራ ሰው ይመስላል። አንዳንዱን ዜማ ከዚህ በፊት የማውቀው እየመሰለኝ ከሥራዬ ቀና እል ነበር።

አዘጋጇ ሃና ወደ ሚክሰሩ መጣችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች። "ዛሬ ከሰዓት ሚስተር ዛልማን አንድ ዜማ ያስተምራሉ። ከአባታቸው የወረሱት ነው። የትም አልተጻፈም። በሚቀጥለው ሳምንት እጃቸው ኦፕራሲዮን ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ቫዮሊን ስለ መጫወታቸው ሐኪሙ ቃል አልገባም። እባክሽ ንጹሕ አድርገሽ ቅጂልን።"

"ንጹሕ" የሚለውን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ሚስተር ዛልማን ሰማንያውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ቫዮሊናቸው ላይ ትንሿን ማይክ ስገጥም ዜማው ምን እንደሆነ ነገሩኝ። ድሮ ሰርግ ሲያበቃ ሙዚቀኞቹ ከፊት እየሄዱ፣ እየተጫወቱ፣ የሙሽሮቹን ወላጆች እስከ ቤታቸው ይሸኙ ነበር። ይህ የመንገዱ ዜማ ነው።

"በእናንተስ አገር ሰርግ ሲያልቅ ሙዚቀኛው ምን ያደርጋል?" አሉኝ።

"ኬብሉን ጠቅልሎ ቫን ላይ ይጭናል።"

ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። "እንግዲህ ጥሩ ሰው ጋ ነው የወደቅኩት።"

ትምህርቱ ሲጀመር ሃና ሁሉም ስልኩን እንዲያጠፋ ጠየቀች። ቅጂ እየተካሄደ ነው፣ በኋላ ለሁሉም ይላካል አለች። እኔም የአዳራሹን ሁለት ማይኮች ዘጋሁ። ሚስተር ዛልማን ዜማውን ቆርሰው ይጫወታሉ፤ ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች በየመሣሪያቸው ይመልሳሉ። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ስንማር ከአፍ ከአፍ እንደምንቀበለው ዓይነት ነው። ዜማው ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው አለቀ። ሁለተኛው አለቀ።

ሦስተኛው ላይ ጣታቸው ክሩ ላይ እንደተጣበቀ ቀረ። አንዴ ሞከሩ፤ ደገሙ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ።

በዚህ መሀል ከአዳራሹ የኋላ ጫፍ ድምፅ ተነሣ። አንዲት አሮጊት ናቸው። ቃል የለውም፤ "ላይ፣ ላይ፣ ላይ" እያሉ ሦስተኛውን ክፍል በሙሉ አወጡት። ተማሪዎቹ ዞረው ተቀበሏቸው፣ ሰውም ተቀበለ። አዳራሹ በሙሉ ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ መርከብ መሰለኝ። ሚስተር ዛልማን ቫዮሊናቸውን አውርደው ይሰማሉ። እኔ ሚክሰሩን ማየት ረሳሁ።

ሰው ሲበተን የጆሮ ማዳመጫውን አድርጌ ቅጂውን ቼክ አደረግኩ። አንደኛው ክፍል አለ። ሁለተኛው አለ። ሦስተኛው ላይ የሚስተር ዛልማን ትንፋሽ፣ የወንበር ሲጥታና ዜማው የማይለይ የሩቅ ጉምጉምታ ብቻ ነው ያለው። ተማሪዎቹን ጠየቅኩ። ሦስቱ ተጫወቱልኝ፤ ሦስቱም ተለያዩ፤ እርስ በርስ መከራከር ጀመሩ። መድረኩ ጋ ወደነበሩት ጋሼ ታደሰ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ሦስተኛው ክፍል የለም።"

"የት ሄደ?"

"የአዳራሹን ማይክ ዘግቼ ነበር።"

"ማን ዝጊ አለሽ?"

"እርስዎ።"

"ይሄ የሐበሻ ሰርግ ነው እንዴ?" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሂጂ ንገሪያቸው። ያስተማረኝ ጋሼ ታደሰ ነው በያቸው።"

ነገርኳቸው። እኔ ነኝ የዘጋሁት አልኩ። ሃና አፏን በእጇ ያዘች። ሚስተር ዛልማን ግን ጣቶቻቸውን እያሹ፣ "ሴትየዋን ፈልጊልኝ። ክፍሉ ከእኔ እጅ ጠፍቷል" አሉ።

የእጅ መቅጃውን ይዤ ወጣሁ። አሮጊቷን ያገኘኋቸው መናፈሻው ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጫማ ሲቀይሩ ነው። ስማቸው ፍሬዳ ነው።

"እኔ ዘፋኝ አይደለሁም፣ የኔ ልጅ። ሰርጌ ላይ የዛልማን አባት ነበሩ የተጫወቱት። ሃክኒ ካለው አዳራሽ እስከ እናቴ ቤት ከኋላቸው ሄጃለሁ።"

ለመንኳቸው። መቅጃውን አፋቸው አጠገብ ያዝኩ። ሚስተር ዛልማንና ጋሼ ታደሰ ደርሰው ከጎኔ ቆሙ። ሚስስ ፍሬዳ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልመጣም። ደግመው ሞከሩ፤ ሁለተኛውን ክፍል ደገሙት። ፊታቸው ቀላ።

"ቅድም እኮ እንዴት ነው የመጣልኝ?"

"ቅድም ምን እያደረጉ ነበር?" አልኳቸው።

"ወደ ሽንት ቤት እየሄድኩ ነበራ።"

ሚስተር ዛልማን መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ክንዳቸውን ዘረጉላቸው። "ፍሬዳ፣ ተነሺ። ይህ ዜማ ወንበር አያውቅም።"

መሄድ ጀመሩ። እኔ ፊታቸው ሆኜ መቅጃውን ዘርግቼ ወደ ኋላ እራመዳለሁ፤ እንዳልወድቅ ጋሼ ታደሰ ጃኬቴን ከጀርባ ይዘው ይመሩኛል። "ደረጃ አለ። ውሻ አለ። ወደ ግራ።" ከአሥር እርምጃ በኋላ ዜማው መጣ፤ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። ሣሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች እየተነሡ ከኋላ ተከተሉ። የዛፎቹ ጥላ ፊታቸው ላይ ያልፋል። የት እንዳለሁ ለጊዜው ጠፋኝ፤ ሁላችንም አንድ ሩቅ ቦታ የምንደርስ መስሎኝ ነበር።

ሚስስ ፍሬዳ የመናፈሻው በር ላይ አልቆሙም። ወደ መንገዱ ወጡ፣ ባስ ፌርማታው ድረስ ሄዱ። ባሱ መጣ። ሹፌሩ ያን ሁሉ ሰው አይቶ በሩን ከፍቶ ጠበቀ። አንድ እግራቸውን ባሱ ላይ አድርገው የመጨረሻዋን ሐረግ ጨረሱ፤ የባስ ካርዳቸውን ማሽኑ ላይ አስነክተው ገቡ።

ሚስተር ዛልማን ባሱ እስኪታጠፍ ቆመው አዩ። "ቤቷ አልደረስንም እንጂ እንደ ደንቡ ሸኘናት" አሉ።

ቅጂው ላይ የእግር ኮቴ አለ፣ የጋሼ ታደሰ "ውሻ አለ" አለ፣ የባሱም ድምፅ አለ። ሃና ማጽዳት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። የነፋሱን ሹክሹክታ ብቻ ቀነስኩና ላክሁላት። የሚስተር ዛልማን እጅ ኦፕራሲዮን ተደርጓል፤ እስካሁን ቫዮሊን አልያዙም። ሦስተኛውን ክፍል ለተማሪዎቹ የሚያስተምሩት ቅጂውን አስከፍተው፣ በአዳራሹ ውስጥ እያስኬዷቸው ነው።

አሁን ማንኛውንም ሥራ ስጀምር፣ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ታዳሚ በፕሮግራሙ ውስጥ ድርሻው ምን እንደሆነ፣ አብሮ ያዜም እንደሆነ አዘጋጁን እጠይቃለሁ። መልሱን ሳልሰማ የአዳራሹን ማይክ አልዘጋም።