ሲባጎዋን ይዛ፣ መቀሷን ትታ

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰፈሩ ሰው ግን «ባለሲባጎዋ» ይላታል። ድሮ ሜትር የሚባል ነገር ሱቋ ገብቶ አያውቅም። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ አንድ ሲባጎ ነበራት፤ የመጀመሪያው ቋጠሮ ትከሻ፣ ሁለተኛው እጅጌ፣ ድርቡ ቋጠሮ ወገብ ነው። በጫፉ ላይ የባለቤቱን የልብስ ቁራጭ አስራ ከግድግዳው ምስማር ላይ ትሰቅለዋለች። የገባ ሁሉ ያንን የሲባጎ መጋረጃ እያየ «ኧረ የእኔን ሸፍኚልኝ፣ ወገቤ አደባባይ ወጣ!» እያለ ይስቅ ነበር።

ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ በየሱቁ መሰቀል ሲጀምር ግን ሲባጎዎቹ አቧራ ለበሱ። እህቴም ሱቋን ዘግታ ወንድማችን ቤት ልትጠጋ ቆረጠች። በዚያው ሰሞን በትልቁ ከተማ ያለ አንድ ሆስፒታል ለሠራተኞቹ ጋዋን የሚሰፋለት ባለሙያ በፈተና ሊመርጥ መሆኑን ሰማን። «ይህ ካልሆነልኝ የስፌት መኪናዬን እሸፍናለሁ» አለችኝ። እኔም ተከተልኳት።

ዝግጅታችንን ሳስበው ዛሬም ያስቀኛል። አንድ ቅርጫት ዳቦ፣ ጃንጥላ፣ ቅያሪ ቀሚስ፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ።

«እትዬ፣ መቀሱስ?»

«ሆስፒታል መቀስ ያጣል?»

«አድራሻውስ?»

«ትልቁ ሆስፒታል ነው አሉ። ትልቅ ነገር ይጠፋል እንዴ?»

አልፈርድባትም። በእኛ ከተማ ሆስፒታል አንድ ነው፤ «ሆስፒታል» ካሉት ጋሪ ነጂው ሌላ ነገር አይጠይቅም። የትልቁ ከተማ ባለታክሲ ግን ዞር ብሎ አየንና «የትኛው?» አለ። እህቴ «ትልቁ» አለችው። ትልቅ ወደሚለው ወሰደን፤ እሱ አልነበረም። ሁለተኛው ሆስፒታል በር ላይ ስንደርስ ጥበቃው በትሕትና ቀረበን።

«እናቴ፣ ዓይንዎን ሊታከሙ ነው?»

«ዓይኔስ ደኅና ነው ልጄ፤ ያልታየኝ መንገዱ ነው።»

ስቆ ስቆ ሲያበቃ፣ ገብቶ ነርሶቹን ጠየቀልን። ጋዋን የሚያሰፋው ከድልድዩ ማዶ ያለው ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ለሚጀመር ፈተና አራት ሰዓት ተኩል ደረስን። ሦስት ሰፊዎች በሆስፒታሉ ስፌት ክፍል የተደረደሩትን መኪናዎች ያንኳኳሉ፤ አራተኛው ባዶውን ቆሟል። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነጭ ጨርቅና የልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ሰጣት።

«ለዋና ነርሳችን የሚሆን ጋዋን ነው። ስድስት ተኩል ላይ እናበቃለን፤ ሰዓት አይጨመርም።»

«መቀስ ቢሰጡኝ?»

«ያለን የፋሻ መቀስ ነው።»

ከጎኗ የተቀመጠ ባለ ቦርጭ ሰፊ ቀና አለ። «ያለ መቀስ የመጣ ሰፊ ዛሬ ገና አየሁ! በጥርስሽ ልትቆርጪው ነው እህቴ?» አለና መቀሱን ወደ እሷ ገፋላት። አፉ እንጂ እጁ ክፉ አልነበረም።

እህቴ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። ሱቋ እዚያች ወረቀት ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር እኔና እሷ ብቻ ነን የምናውቀው።

«ጌታዬ፣ ቁጥሩን አነበዋለሁ። በቁጥር ቆርጬ ግን አላውቅም። የጋዋኑን ባለቤት ራሷን ይጥሩልኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ኃላፊው ጥቂት አሰበና «የሚከለክል ደንብ የለም» አለ።

ዋና ነርሷ እየተጣደፈች መጣች። «ቶሎ በይ፣ በሽተኛ ትቼ ነው። የት ልቁም?»

«መቆምሽን ምን አደርገዋለሁ? ይልቅ ከላይኛው መደርደሪያ መድኃኒት አውርጂልኝ። እንደሱ። አሁን ደግሞ አልጋ ላይ ያለ ሰው አገላብጪ።»

ነርሷ እየሳቀች በባዶው ተንጠራራች፣ አጎነበሰች። እህቴ ከኋላዋ እየዞረች ሲባጎዋን ትቋጥራለች።

ሰዓቱ ሲያልቅ ነርሷ አራቱንም ጋዋን በየተራ ለበሰች። ቀጥ ብላ ስትቆም ሁሉም ያምራሉ። እጇን ወደ መደርደሪያው ስትሰድ ግን የአንዱ እጅጌ ክርኗ ድረስ ሸሸ፤ የሌላው ጀርባ ተወጠረ፤ የባለ ቦርጩ ጥቂት ብቻ ያዝ አደረጋት። የእህቴ ጋዋን አብሯት ወጣ፤ አብሯት ወረደ። ኃላፊው ቀረብ ብሎ ስፌቱን መረመረ፤ ከታች ሁለት ቁልፍ ጎድሏል።

«እነዚህስ?»

«ዓይን ሆስፒታሉ በር ላይ ቀሩ ጌታዬ።»

ከጠዋት ጀምሮ ጥርሱ ያልታየ ሰውዬ ሳቀ። ሥራውንም ለሁለት ከፈለው፤ ግማሹን ለባለ ቦርጩ፣ ግማሹን ለእህቴ ሰጠ። «በሰዓቱ መጥተሽ ቢሆን ሁሉንም እሰጥሽ ነበር» አላት። ይህች ቃል ብዙ ቀን ከነከነቻት። ባለ ቦርጩ በዚያው ከሰዓት የሜትር አያያዝ በገዛ ሆዱ ላይ አስተማራት። «ይህን ከለካሽ የማትለኪው ፍጥረት የለም!»

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳዋን ገልብጣ፣ ገበሩ ላይ የሆስፒታሉን ሙሉ ስም፣ ሰፈሩንና ድልድዩን በቀይ ክር ጠለፈች። የራሷንም መቀስ ከዚያ ወዲያ ከቦርሳዋ ማንገቻ ጋር በሲባጎ አስራ ኖረች።

ለዚያ ሆስፒታል አሥራ ሁለት ዓመት ሰፋች። ሱቁ አልተዘጋም፤ ሜትሩም ከሲባጎዎቹ ጎን ምስማር ተሰጠው። ሰው ስለ እህቱ ሀብት ወይም ሹመት ይኩራ፤ እኔ ነርስ ስትንጠራራ በማይሸሸው እጅጌ እኮራለሁ።

አምና እኔው ታምሜ ወደዚያ ሆስፒታል ልሄድ ስሰናዳ፣ ካፖርቴን ከውስጥ ብገልጠው አድራሻው በቀይ ክር ተጠልፎበታል።

«ምነው እትዬ፣ መንገዱን አውቀው የለም ወይ?»

የተረፈውን የክር ጫፍ በጥርሷ በጠሰችና «ያን ቀን እኔም አውቀው ነበር» አለችኝ።