የጀዊሪያ ጎባጣ ብሩሽ

ጳውሎስ አካባቢ ሙሽሮችን የምታስውበው ጀዊሪያ ሥራዋ ሲመሰገን አንገቷን ትደፋለች። ያደገችው የገዛ ሙያውን የሚያወራ ሰው በሚናቅበት ቤት ነው። ጨዋነት ይበሉት እንጂ በሽታም አለበት።

እናቷ ታመው እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ኩል መኳል ተሳናቸው። ሰው ዓይናቸውን ሲነካባቸው ደግሞ አይወዱም። ጀዊሪያ ራሳቸው የሚኳሉበት ዕቃ ልትሠራላቸው ከሸጎሌ ከብት ገበያ ቀንድ እያመጣች፣ በጋለ ዘይት እያለሰለሰች ታጎብጥ ጀመር። አንዱ ተሰነጠቀ፤ ሌላው የእናቷን ዓይን ሊወጋ ምንም አልቀረው። ብዙ ከለፋች በኋላ አንገቱ ጎብጦ ጉንጭ ላይ የሚያርፍ፣ የፍየል ጠጉሩ በጎን የተተከለ የኩል ብሩሽ ወጣላት። እጅ ቢንቀጠቀጥም ጫፉ አይናወጥም። እናቷ ራሳቸውን ኩለው በመስታወት ሲያዩ አለቀሱ።

የመዋቢያ ዕቃ ነጋዴው ሙዘይን ይህን አይቶ በፕላስቲክ ላሠራው አላት። እሷም ሥራዋን እንዳትቀማ ፓተንት፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ጠየቀች።

ጥያቄዋን የሚመረምረው የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ኦልያድ ሰው አክባሪ ወጣት ነበር። ሥራዎ ያምራል ብሎ ጀመረ። ብሩሽ ድሮም አለ፣ ጎባጣ እጀታም የጥርስ ሐኪም ዕቃ ላይ አለ፤ ጥያቄው ሁለቱን ማጋጠም ለሙያው ሰው ግልጽ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው፤ ግልጽ ከሆነ መብቱ አይሰጥም አላት። ከዚያ የምትከራከርበትን በር ከፈተላት።

"ሲሠሩት አስቸገረዎት?"

ስለተሰነጠቀው ቀንድ፣ ስለ እናቷ ዓይን መናገር ነበረባት። ግን ተመስግናለች፤ የተመሰገነች ጀዊሪያ ደግሞ መልሷ አንድ ነው።

"ኧረ ምን አላት ልጄ፤ ሙያ ያለው ሁሉ ይሠራታል።"

ኦልያድ ሊጽፍ ያነሳውን ብዕር መልሶ አስቀመጠ። እርግጠኛ ነዎት ብሎ ደገመላት። እሷ ጭራሽ ይበልጥ አቀለለችው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጥያቄዋ ውድቅ ሲሆን ከምክንያቶቹ ፊት የተቀመጠው የራሷ ቃል ነበር። ከእንግዲህ ፈቃዷ የማያስፈልገው ሙዘይንም ስልኳን ማንሳት ተወ።

እናቷ ከሞቱ በኋላ አንዲት ሙሽራ የራሷን መዋቢያ ይዛ መጣች። ከቦርሳዋ ያወጣችው ሮዝ የፕላስቲክ ጎባጣ ብሩሽ ነበር። እጇ የሚንቀጠቀጥ አክስቷ እንኳ በዚህ እንደምትኳል ነገረቻት።

"የሠራው ሰው እጁ ይባረክ። እንዴት አስቦት ይሆን?"

ጀዊሪያ እኔ ነኝ ልትል አፏን ከፈተች።

"ምን አላት" አለች፣ "ማንም ይሠራታል።"

ከዚያ የሙሽራዋን አገጭ ቀና አድርጋ በዚያው ብሩሽ ትኩላት ጀመር።